ኡልካን ያላወረደችው ሙሾ

የወንድሟ የጁማሽ መርዶ ሲደርሳት ኡልካን የተማሪዎች ፈተና እያረመች ነበር። የደወለላት የወንድሟ ልጅ ኬነሽ ነው።

«ኤጄ፣» አላት፤ በኪርጊዞች ዘንድ ታላቅ እህትም አክስትም እንዲህ ነው የምትጠራው። «ኤጄ፣ አባዬ ዐረፈ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ፈረሶቹን ውሃ አጠጥቶ ሲመለስ በር ላይ ወደቀ። እስክናነሣው እንኳ አልጠበቀንም።»

«እሺ። እመጣለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ የቀሩትን ወረቀቶች አርማ ጨረሰች። ፈተናው በፒያኖ የተመታውን ድምፅ በጆሮ ለይቶ በኖታ መጻፍ ነበር። አንዱ ልጅ ሁለት ድምፆችን አቀያይሮ ጽፏል፤ በቀይ እስክሪብቶ አስተካከለችለትና ጎኑ ላይ «ተቻኩለሃል» ብላ ጻፈችበት። ወረቀቶቹን ደርድራ መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ ካፖርቷን ለበሰች። ደረጃውን ወርዳ ስትጨርስ የጥበቃው ሰው «ምነው ዛሬ በጊዜ?» ቢላት፣ «ወንድሜ ሞቶ» አለችው፤ ልክ «ዳቦ ልገዛ» እንደሚባለው። ሰውየው ባርኔጣውን ሲያወልቅ እሷ በሩን አልፋ ሄዳለች።

ኡልካን በቢሽኬክ ከተማ፣ በአንድ የሙዚቃ ተቋም፣ ዕድሜዋን ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት የተማሪ ጆሮ ታሠለጥናለች፤ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ገብታ የራሷን ሙዚቃ ትሠራለች። የእሷ ሙዚቃ ታዲያ ሰው ሙዚቃ የሚለው ዓይነት አልነበረም። የሐይቅ በረዶ ሲሰነጠቅ፣ የማሞቂያ ቧንቧ በክረምት ሲያንኳኳ፣ ሴቶች ሱፍ በዱላ ሲመቱ የሚወጣውን ድምፅ በቴፕ ትቀዳለች። ቴፑን በምላጭ ትቆራርጣለች፣ አንዱን ከሌላው ትቀጥላለች፣ ታዘገያለች፣ ትገለብጣለች። በሶቪየት ጊዜ ሥራዋን የገመገመው የኮሚቴ ሰብሳቢ እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ «ጓድ ኡልካን፣ ለዚህስ መጥራት የነበረብን ሃያሲ ሳይሆን ቧንቧ ሠራተኛ ነው» ብሎ ስብሰባውን በሳቅ በተነው። እሷም አብራ ሳቀች። በማግሥቱ ሌላ ቧንቧ ፍለጋ ሄደች።

በጥናት ግን የሚነካት አልነበረም። ከሞስኮ የትምህርት ማዕረጓን ያገኘችው በኪርጊዝ ሴቶች ሙሾ ላይ በጻፈችው ሥራ ነው። ሙሾ አውራጅ ትንፋሿን የት እንደምትሰበስብ፣ ድምፅዋ የት ላይ እንደሚሰበር፣ የሟች ሙገሳ በየትኛው ስንኝ እንደሚገባ አንድ በአንድ አስቀምጣዋለች። ስለ ለቅሶ የሚያጠና ሁሉ እሷን ሳይጠቅስ አያልፍም።

ያን ጥናት ገና ስትጀምር ነበር አባቷ የሞተው። አገራቸው ከናሪን ከተማ ወዲያ፣ አት-ባሺ ነው። ከተቋሙ የተዋሰችውን መቅጃ አንግታ ደረሰች። እናቷ ሶኑን ባሏ የሞተባት ሴት እንደምታደርገው ጥቁር ተከናንባ፣ ለለቅሶ በተተከለው የሱፍ ድንኳን ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣ ነበር። ኡልካን መቅጃውን ከጉልበቷ አጠገብ ልትሸሽግ ስትሞክር እናቷ ዞር ሳትል፣

«ምንድነው የምታንኳኪው?» አለቻት።

«ቴፕ ነው፣ እማ። ለጥናቴ…»

«የምትቀጂ ከሆነ ጠጋ አድርጊው። ሁለተኛ አላለቅስልሽም።»

ኡልካን ጠጋ አደረገችው። እናቷ ሙሾዋን አወረደች። በደጅ ደግሞ ወንዶቹ በበትራቸው ላይ አጎንብሰው፣ ለቀስተኛ በፈረስ በደረሰ ቁጥር ይጮኹ ነበር። ከመሀላቸው የጁማሽ ድምፅ ሱፉን ሰንጥቆ ይገባል፦ «አባዬ! ወየው አባዬ! ተራራዬ!» መቅጃው እሱንም ቀዳው። ኡልካን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የመሣሪያዋን መርፌ ከፍ ዝቅ ማለት ስትከታተል ዋለች። መሣሪያ የያዘ ሰው እያለቀሰ ሊሠራ አይችልም፤ እጁ ይንቀጠቀጥበታል። ያን ቀን ይህ ነገር ደግፎ ያቆማት መስሏት ነበር። አባቷ እሷ ሳታለቅስለት አፈር ገባ።

ቴፑን ወደ ሥራ የለወጠችው እናቷም ካለፈች በኋላ ነው። ምድር ቤቷ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ስትቆርጥ ከረመች። ቃሉን በሙሉ አወጣችው። ያስቀረችው በቃልና በቃል መካከል ያለውን ነበር፦ የትንፋሽ አሳሳብ፣ የጉሮሮ መታነቅ፣ የአንዲት ሴት ሳል፣ የማንቆርቆሪያ ክዳን። ይኼንኑ እየጎተተች እያስረዘመች ሄደችና፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ የጁማሽን ጩኸት አስገባች። እሱን ብቻ ምላጭ አላስነካችውም። እንዳለ፣ ከነቃሉ ተወችው።

ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ በአዳራሽ ሲቀርብ ቢሽኬክ ገና ፍሩንዜ ትባል ነበር። ጁማሽ ሚስቱን ሴይልን አስከትሎ፣ የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ ነጭ የሱፍ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከፊት ካሉት ወንበሮች ባንዱ ተቀመጠ። የእናቱን ሙሾ ሊሰማ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው። ቃሉ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ ጠበቀ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተነሣና ቆቡን ደፋ። ሴይልም ተከትላው ወጣች። እሱ ኮሪደሩ ጋ ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ የገዛ ድምፁ «አባዬ!» እያለ ይጮኽ ነበር። በሩ ወፍራም ነው፤ አልሰማውም።

ኡልካን ካፖርት ማስቀመጫው ጋ ደረሰችባቸው።

«ባይኬ፣» አለችው፤ ታላቅ ወንድም ነውና። «ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት?»

«እማን ታሰማኛለች ብዬ መጣሁ። አንቺ ሳል አሰማሽኝ።»

«ሙዚቃ እኮ ነው።»

«በግ አርደሽ፣ ሥጋውን ለውሻ ጥለሽ፣ ቆዳውን አቀረብሽልኝ። ቆዳ አይበላም፣ ኡልካን።»

«ተው እንጂ አንተ፣ ሰው ይሰማል» አለች ሴይል እጅጌውን ይዛ።

«ይስማ! ለመስማት አይደል የመጣው?»

ያኔ «ና ተመለስ፣ መጨረሻው ላይ አንተ አለህ» ብትለው ነገሩ እዚያው ባለቀ። አላለችውም። ቁጭ ብሎ ቢሆን ይሰማው ነበር አለች በልቧ፤ ከፈለገ ይጠይቀኝ። እሱ አልጠየቃትም። በሠርግ፣ በግርዛት፣ በሌላ ሰው ለቅሶ እየተገናኙ ስለ ድርቆሽ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ በረዶው ማነስ ሲያወሩ ኖሩ። እሷ በክረምት መድኃኒት ትልክለታለች፤ እሱ በመከር የፈረስ ሥጋ ይልክላታል። ያን ነገር የሚያነሣ ግን ጠፋ።

ሥራው በርሊን ሄደ፣ ቶኪዮ ሄደ። የማታውቀው ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበላት። ፕሮፌሰር ተባለች። እሷ ግን ለቅሶ ቤት በገባች ቁጥር ጆሮዋ ቀድሟት እየሄደ ልቧ ከኋላ ይቀር ጀመር። ባሏ ሲሞት እንኳ አጠገቡ ተቀምጣ የቀራት ትዝታ የሆስፒታሉ መሣሪያ ሲጮኽ የነበረው በየትኛው ኖታ ላይ እንደሆነ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለማን ይነገራል?

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ልብ ነው ተራራውን ተሻግራ ለጁማሽ ቀብር የደረሰችው። ኬነሽና ያጎቶቹ ልጆች ከድንኳኑ ደጅ ተሰልፈው፣ በበትር ተደግፈው እየጮኹ ተቀበሏት። አቀፈቻቸው። የኬነሽ ድምፅ ሰልሎ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጮኾ ቀጭኑ ጠፍቶ ወፍራሙ ብቻ እንደቀረ ልብ አለች። ልብ ማለቷ ራሱ አስጠላት፤ ማስጠላቱም ግን ከሩቅ ነበር፣ በሌላ ክፍል እንደሚሰማ ሬዲዮ።

ውስጥ ሴቶቹ ተደርድረዋል። ሴይል ጥቁሯን ለብሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ከመጋረጃው ወዲያ ጁማሽ ተገንዞ ተኝቷል። ኡልካን ከሴይል ጎን ተቀመጠች።

የሁሉም ታላቅ ባትማ የምትባል ጎረቤት ነበረች፤ በማሳሏ የምትታወቅ፣ ምላሷ ግን ያልደከመ አሮጊት።

«መጣሽ፣ ፕሮፌሰር?» አለቻት። «በይ እንግዲህ። እህት ናት የወንድሟን የምታወርደው።»

ኡልካን ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«ምነው? ለፈረንጅ ሙሾ ታስተምራለች አሉን እኮ።»

«አረፍ ትበል እስቲ፣ አሁን መግባቷ ነው» አለች አንዷ።

«አረፍ፣ አረፍ! ሟቹ ግን ሊወጣ ነው። የጀናዛው ሶላት ተጠርቷል።»

ሴይል ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «አንድ ሁለት ቃል በይ። ውጭ ያሉት እህት የለውም እንዴ እንዳይሉ» አለቻት።

ኡልካን አፏን ከፈተች። ሥርዓቱን ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ከላይ የሚነሣው ድምፅ፣ ከዚያ ሙገሳው። ትንፋሹን ሳበች። ወጣ፣ ባዶውን። ደግማ ሳበች፤ ደግሞ ባዶውን ወጣ። ሴቶቹ ይጠብቃሉ። «ባይኬ» ልትል ፈልጋ ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው እዚያው ቆመ።

ያን ጊዜ ሴይል ድምፅዋን አነሣች። የገዛ ሙሾዋን ግን አልነበረም፤ በእህት አፍ ነው ያወረደችው፦

«ከከተማ መጣሁ፣ ወንድም ጋሻዬ፣
በር ላይ አጣሁህ፣ ታላቅ ጥላዬ።
ፈረስ ውሃ ጠጣ፣ ጌታው ሳይጠጣ፣
እህትህ ደረሰች፣ ቃሏ ግን ታጣ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ባትማ አፏን ልትከፍት ስትል ያጠገቧ ሴት በክርን ጎሸመቻት፤ እሷም ነገሩ ገባትና ዝም አለች። ሴይል በእህት ስም አንዱን ስንኝ ባንዱ ላይ እየደረበች ስትቀጥል፣ ኡልካን አጠገቧ ተቀምጣ የድንኳኑን ሱፍ ታያለች። ውጭ የወንዶቹ ጩኸት ባሰ። ከዚያ አስከሬኑ ወጣ። ሴት መቃብር አይሄድምና እዚያው ቀሩ።

ወንዶቹ ሲመለሱ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ኡልካን ፊት እየቆሙ፣ «የእህት ነገር! አንጀታችንን በላሽው» አሏት። ኬነሽም በሰው ፊት እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ጥሩ አወረድሽ፣ ኤጄ። አባዬ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር» አላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

ሰው ሲቀል ሁለቱ ሴቶች ድስት ያጥቡ ጀመር።

«ለምን እንደዚያ አልሽ?» አለች ኡልካን።

«ምን ላድርግ? ማዕረጉን አንቺ ወሰድሽ፣ ፈተናውን እኔ ተቀመጥኩ።»

«ኬነሽ እኔ መስዬው…»

«የእናቱን ድምፅ የማይለይ ልጅ ያለ መሰለሽ? ለሰው ብሎ ነው። ያን አመድ አቀብዪኝ፣ ስቡ እምቢ አለኝ።»

ኡልካን አመዱን አቀበለቻት። ድስቱን አብረው ፈተጉት። ሴይል አልፎ አልፎ እጇን ከድስቱ ሳታወጣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትተዋለች፣ ከዚያ ስለ ላሞቹ ታወራለች። ኡልካን በዚህ ቀናችባት።

ወደ ከተማ ተመለሰች። ለአርባው ሄዳ መጣች። ማስተማሯን ቀጠለች። ምድር ቤት ግን መግባት ተወች። ቤጋይም የምትባል ተማሪዋ፣ «ፕሮፌሰር፣ አዲስ ሥራ የለም እንዴ? አቧራ ሆኗል እኮ» ስትላት፣ «አቧራው ይሥራ» ብላ አሳቀቻት። እጇ ላይ ምግብ ይቀዘቅዝባት ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ከመውረጃዋ ታልፋለች። አመመኝ የምትለው ቦታ ግን አልነበረም፤ ሐኪም ቢጠይቃት የትኛውን ትጠቁመዋለች?

ክረምቱ ሲጋመስ ሴይል የዓይን ሞራዋን ልታስገፍፍ መጣችና እሷ ቤት ዐረፈች። አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ በሌላው የኡልካንን ቤት ስትመረምር ዋለች። መጋረጃው ቆሽሿል አለች፤ ማቀዝቀዣው ባዶ ነው አለች፤ እንደዚህ እየበላሽ እንዴት ፕሮፌሰር ሆንሽ አለች። አመሻሹ ላይ ሻይ እየጠጡ፣

«ያን የድሮውን ነገር አሰሚኝ እስቲ» አለቻት።

«የቱን?»

«አዳራሹን። እሱ ተነሥቶ ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁ፤ መጨረሻውን እኮ አልሰማሁትም።»

«አይጥምሽም።»

«ሳይጥመኝ የበላሁት ስንት አለ። አምጪው።»

ኡልካን ከፈተችላት። ሴይል ኩባያዋን አቅፋ፣ ባንድ ዓይኗ ድምፅ ማጉያውን እያየች አዳመጠች።

«ይኼ የባትማ ሳል ነው!» አለች ድንገት። «ያኔም ታስል ነበር እንዴ? ይቺ ሴትዮ ሁላችንንም ነው የምትቀብረው።» ጥቂት ቆየችና፣ «ረጅም ነው» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «እማ የታለች?»

«ይኼ ሁሉ እሷ ናት። ትንፋሿ ነው።»

«ሆሆ። ስትተነፍስማ እንዲህ ነበረች፣ አዎ። ደረጃ ስትወጣ።» ጭንቅላቷ ወደ ትከሻዋ ማዘንበል ጀመረ፤ ኡልካን እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት ድምፁን ልትቀንስ እጇን ዘረጋች።

«አባዬ! ወየው አባዬ! ተራራዬ!»

ኩባያው ከሴይል እጅ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ።

«ድገሚው» አለች።

ኡልካን ደገመችው።

«ድገሚው።»

በሦስተኛው ላይ ሴይል መዳፏን በተሸፈነው ዓይኗ ላይ ጫነች። «ሐኪሙ አታልቂሺ ብሎኛል፣ የት አባቱ!» አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሲወጣላት አፍንጫዋን በሻሿ ጠርጋ፣ «ይኼ ሁሉ ዘመን እዚህ ውስጥ ነበር?» አለች።

«ነበር።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ይጠይቀኛል ብዬ።»

ሴይል ረጅም ጊዜ አየቻት። «ግትሮች» አለች በመጨረሻ። «ሁለታችሁም። ሶኑን ግትርነትን በጡት ነው ያጠባቻችሁ።» ቁጣ አልነበረበትም፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው ያለችው።

ኡልካን ተቀምጣ ጠበቀች። ሊመጣ ያለ ማስነጠስ እንደሚጠበቅ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ ጠበቀች። አልመጣም። ተነሥታ ምንጣፉን ወለወለች፣ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ከኋላዋ ሴይል፣ «ስኳር አታብዢ» አለቻት።

ሴይል ወደ አት-ባሺ ስትመለስ ያችን የመጨረሻዋን ክፍል በስልኳ ጭና ሄደች። ቤጋይም ናት ቆርጣ የጫነችላት፤ ኡልካን ቁረጪው ስትላት ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ከዚህ ሥራ ላይ? ብቻውን?» ብላ ነበር። «ብቻውን» አለቻት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኡልካን ወደ ክፍል ልትገባ ስትል ኬነሽ ደወለ። ሜዳ ላይ መሆኑ ከነፋሱ ያስታውቃል።

«ኤጄ፣ ይኼ አባዬ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሃያ ስድስት።»

«ከእኔ ያንሳል ማለት ነው።» ፈረስ ሲያንኮራፋ ተሰማ። «እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። እኛን እንኳ ሲቆጣ በቀስታ ነበር።»

«አዎ፣ በቀስታ ነበር።»

ከዚያ ኬነሽ፣ «ለሙት ዓመቱ ትመጫለሽ?» አላት።

«እመጣለሁ።»

«ቀደም ብለሽ ነይ። ጥቂት ቀን ሰንብቺ። ሥራ ካለሽም መሣሪያሽን ይዘሽ ነይ፣ ማንም ምንም አይልሽም።»

«መሣሪያ አልይዝም» አለችው። «እንዲሁ እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ክፍል ገባች። ተማሪዎቹ ብድግ አሉላት፤ ተቀመጡ አለቻቸው። ወረቀትና እርሳስ አወጡ። ፒያኖው ጋ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ድምፅ መታች፣ ጣቷንም ሳታነሣ ድምፁ ቀጥኖ ቀጥኖ እስኪጠፋ ቆየች። ልጆቹ ጽፈው ጨርሰው ቀና ብለው ያዩዋታል።

«ፕሮፌሰር፣» አለ ከኋላ አንዱ፣ «ሁለተኛውስ?»

«አዎ፣ ሁለተኛው» አለችና መታችላቸው።